«በሰዓቱ ደርሼ ሄዷል አሉኝ»፦ የጎንደር ጉዞ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጎንደር ለሚመጡ እንግዶች ትኬት መቁረጥ፣ አልጋ መያዝና አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ መቀበል ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። መታወቂያ ያዙ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ገንዘባችሁን ለሁለት ቦታ ክፈሉት የሚለውን እዚህ አልደግምም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። የምጽፈው ሰው ተናዶ ሲደውልልኝ የሚናገረውን፣ ከጀርባው ያለውን ምክንያትና መፍትሄውን ነው። የመጀመሪያው ችግር ቦታ ቢያበዛ አትፍረዱብኝ። የሚደወልልኝም በብዛት በእሱ ነው።

«በሰዓቱ ደርሼ በረራው ሄዷል አሉኝ»

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው። ትኬቱ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የተነበበው በሐበሻ ሰዓት ነው። ትኬቱ 07:15 ይላል። መንገደኛው «ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ምሳዬን በልቼ እደርሳለሁ» ይላል። አውሮፕላኑ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስቷል።

15:40 ቢል ኖሮ ማንም አይሳሳትም፤ በእኛ አቆጣጠር አስራ አምስት ሰዓት የለምና ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል። ሰው የሚወድቀው ከ01 እስከ 12 ባለው ላይ ነው። የጠዋት በረራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ለሰርግ ሚዜዎች ከአዲስ አበባ ይመጡ ነበር። ትኬቱን የቆረጠው ልጅ 08:30 የሚለውን አይቶ በስልክ «ስምንት ተኩል» አላቸው። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን አስተኩሰው፣ ተረጋግተው ምሳ በልተው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ደረሱ። በረራው ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ሄዷል። ሙሽራውን ያጀቡት የሰፈር ልጆች ናቸው። አንደኛው የተዋሰው ጫማ ጠቦት ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ ዋለ።

መፍትሄው ቀላል ሂሳብ ነው። ትኬቱ ላይ ካለው 6 ቀንሱ፦ 13:20 ሰባት ከሃያ ነው። ከ18 በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፦ 20:30 ከምሽቱ ሁለት ተኩል ነው። ከ06 በታች ከሆነ 6 ደምሩ፦ 04:00 ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው። 06:30 ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ እሱ ማለዳ አስራ ሁለት ተኩል ነው። 12:30 ደግሞ ቀትር ስድስት ተኩል ነው፤ ማለዳም ምሽትም አይደለም።

ለሌላ ሰው ትኬት ከቆረጣችሁ ሰዓቱን በቃል አትንገሩ። ጻፉለት። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ሳትጽፉ አትላኩ። የተጻፈው ደግሞ አውሮፕላኑ የሚነሳበት ሰዓት ነው፤ መመዝገቢያው ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል። እባካችሁ፣ የሚኒባስ ሰልፍ አይደለም፤ «ሁለት ደቂቃ ነው» ብላችሁ ሠራተኞቹን አትለምኑ።

ያው በሽታ እኩለ ሌሊት ላይ ብሶ ይመጣል። የሚመታው ከውጭ የሚመጡትንና ወደ ውጭ የሚሄዱትን ነው። ትኬቱ «ሰኞ ጃንዋሪ 19፣ 00:30» ካለ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ እሁድ ማታ ነው። በፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ጋ ያ ሰዓት እሁድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ተኩል ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ እየጎተቱ የደረሱ፣ በረራቸው ግን ሙሉ ቀን ያለፈው ሰዎች አሉ። ከጎንደር ተነስታችሁ ያንን በረራ የምትይዙ ከሆነ እሁድ ከሰዓት የሚነሳውን የመጨረሻ አውሮፕላን አትመኑ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ግቡና ተኙ። በክረምት አዘዞ ላይ ደመና ዝቅ ብሎ በረራ ሲዘገይ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም።

ሦስተኛው መልኩ ቀኑ ነው። ለጥምቀት ሊመጡ የነበሩ ቤተሰቦችን አልረሳም። ዘመድ ከዚህ ደውሎ «ጥር 11 ነው» አላቸው። እነሱ ካሉበት አገር ሆነው ጃንዋሪ 11ን መሀል አድርገው ቆረጡ። ጃንዋሪ 11 በእኛ ጥር 3 ነው። የገቡት ጥር 2፣ መመለሻቸው ጥር 6። ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ ሄደው ያዩት ባዶ ገንዳ ነው። ትኬቱ ቀን የማይቀየርበት ርካሽ ትኬት ነበር። አያታቸው በር ላይ ቆማ «ታቦቱ እስኪወጣ አትቆዩም?» ስትል የሰማሁት እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በሚቀጥለው ግን ወደ ጃንዋሪ 20 ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 እንደዚያ ነበር፤ በ2020ም እንደዚያ ይሆናል። ገና ግን በእነዚያ ዓመታት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆያል። ስለዚህ «ከገና በኋላ በ12ኛው ቀን» የሚል ስሌት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ያጎድልባችኋል።

ከአሜሪካ የምትቆርጡ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። እዚያ ወሩ ይቀድማል፤ ብዙ ሌላ አገር ቀኑ ይቀድማል። 01/10 ጃንዋሪ 10 ነው ወይስ ኦክቶበር 1? ወሩን በፊደል የማይጽፍ ማስያዣ ካጋጠማችሁ ዝጉትና ሌላ ፈልጉ።

ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ፦ የሳምንቱ ቀን። በሁለቱም አቆጣጠር ሰኞ ሰኞ ነው። የ2018 ጥምቀት ሰኞ ነበር፤ ጃንዋሪ 11 ደግሞ እሁድ። እነዚያ ቤተሰቦች ከዘመዳቸው ጋር «ስንተኛው ቀን» ሳይሆን «ምን ዕለት» ቢባባሉ ኖሮ ስህተቱ በስልኩ ላይ ይያዝ ነበር። እኔ መልእክት የምልከው እንዲህ ነው፦ «ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 17፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ይነሳል፣ ቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል።» ተቀባዩ መልሶ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ። «እሺ» ብሎ ብቻ ከመለሰ እደውላለሁ።

ካመለጣችሁ በኋላስ? አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት እንደማትደርሱ ካወቃችሁ ያኔውኑ ለአየር መንገዱ ደውሉ። ዝም ብሎ መቅረት ይብሳል። ደርሶ መልስ ትኬት ላይ መሄጃውን ሳትሳፈሩ ከቀራችሁ መመለሻውም ሊሰረዝ ይችላል። «መሄጃው ካመለጠኝ በመኪና እሄዳለሁ፣ በመመለሻው እመለሳለሁ» ብሎ አዘዞ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ገጥሞኛል።

«ኮድ አለኝ፣ ሲስተም ላይ የለህም አሉኝ»

በስልክ የተላከላችሁ ስድስት ፊደልና ቁጥር የማስያዣ ኮድ ነው። ትኬት አይደለም። ገንዘብ ካልተከፈለበት ጊዜው ሲያልፍ ራሱን ይሰርዛል። ትኬት 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። በቴሌግራም ትኬት የሚሸጥላችሁ ሰው ኮድ ብቻ ልኮ «አለቀ» ካላችሁ አላለቀም። የትኬት ቁጥሩን ጠይቁ፣ በአየር መንገዱ መተግበሪያ ውስጥ ስማችሁን አይታችሁ ከዚያ ክፈሉ። ስሙ መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል።

«ርካሽ ትኬት የሚባል ነገር የለም»

አለ፣ ግን ለበዓል ሰሞን በበዓል ሳምንት አይገኝም። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ ትኬቱን በመስከረም ወይም በጥቅምት አስቡበት። ቀናችሁን መቀየር ከቻላችሁ የሳምንቱን መሀል ሞክሩ፤ አርብና እሁድ ሁሉም ሰው ይፈልጋቸዋል።

ከውጭ ለምትመጡ ትልቁ ቁጠባ የጎንደሩን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት መቁረጥ ነው። በዋጋም ይጠቅማል፣ ከዋጋውም በላይ አንድ ጥቅም አለው፦ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ የጎንደሩ ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ የሚፈልግላችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ዕዳው የእናንተ ነው። ሁለት ሺህ ብር ለማትረፍ ሁለት ትኬት ቆርጦ አዲስ አበባ ላይ ሦስተኛ የገዛ ሰው ሲያማርር መስማት ሰልችቶኛል።

«አልጋ ይዤ ነበር፣ ስደርስ ስሜ የለም»

በጥምቀት ሰሞን በስልክ የተሰጠ «እሺ» ዋጋ የለውም። ቀብድ ያልተከፈለበት አልጋ ቀድሞ ለደረሰው ይሰጣል። ባለቤቶቹን ብዙም አልወቅስም፤ አስይዘው የሚቀሩ እንግዶች አቃጥለዋቸዋል። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ማረፊያው ሂሳብ ላኩ። ወደ እንግዳ ተቀባዩ ተረኛ የግል ቁጥር በፍጹም። ቀብድ በስሙ ሰብስቦ ሥራ የለቀቀ ተረኛ አይተናል፤ እንግዶቹ ሎቢው ውስጥ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ደውሉና ስማችሁን ከመዝገብ ላይ አስነብቡ። የቀን ጉዳይ እዚህም አለ፦ በኢንተርኔት ስትይዙ በፈረንጅ፣ በስልክ ስትይዙ በሐበሻ ነው።

ፒያሳ ካልሆነ አላርፍም አትበሉ። ማራኪም አዘዞም ይታደራል። በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ከሰዓት፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ባጃጅ አያልፍም። ስለዚህ ቢዘገይ ጥር 9 ግቡ። መመለሻችሁንም በጥር 11 አትቁረጡ። ታቦታቱ የሚመለሱት በዚያ ቀን ነው፣ የቅዱስ ሚካኤል ደግሞ በማግስቱ። ጥር 13 ብታደርጉት በሰላም አዘዞ ትደርሳላችሁ።

«ውሃ አለ ብለውኝ ነበር»

«ውሃ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ጥያቄው «ሮቶ አላችሁ? ስንት ሊትር? ዛሬ ሞልቷል?» ነው። የጎንደር የውሃ ችግር የቆየ ነው፤ ሮቶ የሌለው ማረፊያ ውስጥ በጀሪካን ትታጠባላችሁ። ሻወሩ ላይ የተገጠመው ርካሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እጃችሁን ከነዘራችሁ ውሃውን እንኳን አትዝጉ። ወጥታችሁ ክፍል አስቀይሩ። እነዚህን እቃዎች ያለ መሬት ሽቦ የሚገጥም ባለሙያ ባለሙያ አይደለም፤ የሚያስገጥመውም ከእሱ አይሻልም።

«በመኪና ብመጣስ?»

ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃና በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ድሮ ለቆጣቢ ሰው ባሕር ዳር በአየር ገብቶ የቀረውን በሚኒባስ መምጣት ጥሩ ብልሃት ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ግን በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ መንገድ የሚከፈተውና የሚዘጋው ሳይታሰብ ነው። በዚያው ጠዋት ከመናኸሪያ ሾፌሮችን ጠይቁ። ትናንት የሰማችሁት መረጃ ዛሬ አይሠራም። በሌሊት አትጓዙ። ከኋላ የሚጠብቃችሁ በረራ ካለ በመኪና አትሞክሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ከአዘዞ ወደ ከተማ የተጠየቃችሁት ዋጋ ካስደነገጣችሁ የተሳፈራችሁት ኮንትራት ነው። ሳትገቡ ተስማሙ፣ ወይም ማረፊያችሁ መኪና እንዲልክ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የፋሲለደስ መዋኛ ደረቅ ሆኖ ካገኛችሁት አልተበላሸም። በቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው።

ሻንጣ ከበዛ የአገር ውስጡ ኪሎ ከዓለም አቀፉ ያንሳል፤ ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት ላይ ያለውን አንብቡ።

ሰሜን ተራሮች በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ብላችሁ ካቀዳችሁ፣ ደባርቅ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርኩ መግቢያና የስካውት (አብሯችሁ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) ጉዳይ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ካልተነሳችሁ ጭላዳ ዝንጀሮ ሳታዩ ይመሻል። ጃኬት ያዙ፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ በነጠላ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ እንግዳ ማየት ደክሞኛል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በራፍ ላይ ከመለሷችሁ የገባችሁት በምሳ ሰዓት ወይም በቅዳሴ ሰዓት ይሆናል። ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ጫማ አውልቁ፣ የካሜራውን ብልጭታ አጥፉ።