ከእስር ይልቅ ሕክምና፦ አሜሪካ ውስጥ የተከሰሰ የቀድሞ ወታደር ጉዳዩን ወደ ቬተራን ችሎት እንዴት ያዞራል?

በአሜሪካ ሠራዊት አገልግሎ የወጣ ሰው በወንጀል ሲከሰስ ነገሩ የግድ በእስር ወይም በወንጀል መዝገብ ማለቅ የለበትም። በብዙ ካውንቲዎች የቀድሞ ወታደሮች ብቻ የሚቀርቡበት፣ ከቅጣት ይልቅ ሕክምና ላይ የሚያተኩር ችሎት አለ፤ ቬተራንስ ትሪትመንት ኮርት ይሉታል። ችሎቱ ግን ሰው ፈልጎ አይመጣም። መጠየቅ አለበት፤ የሚጠይቀውም በአብዛኛው ጠበቃው ነው። ጠበቃው ደግሞ ደንበኛው ወታደር እንደነበረ ካልተነገረው በምን ያውቃል? በእኛ ሰው ዘንድ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ጉዱ እንዳይወራ ያፍናል፤ ልጁም አፍሮ ዝም ይላል፤ «ቶሎ ይለቅልህ» ተብሎ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ዘመድ «እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አለ እኮ» የሚለው።

ይህን የምጽፈው ለተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለሚሯሯጠው ቤተሰብም ነው።

ችሎቱ ከየት መጣ?

ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ ላይ የተጀመረው የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት ነው። በ2004 አላስካ፣ አንኮሬጅ ላይ ለቀድሞ ወታደሮች የተለየ ችሎት ተሞክሮ ነበር። ዛሬ የሚታወቀውን ቅርጽ የያዘው ግን በጥር 2008 ዳኛ ሮበርት ራስል በኒውዮርክ ግዛት፣ ባፋሎ ከተማ በከፈቱት ችሎት ነው። ዳኛው በዕፅና በአእምሮ ጤና ችሎቶቻቸው ላይ የሚቀርቡት ወታደሮች እየበዙ መምጣታቸውን አስተዋሉ። አንድ ነገር ደግሞ ታዘቡ፦ ለዳኛ አንገቱን ደፍቶ መልስ የሚነፍግ ሰው፣ እንደ እሱ የዘመተ ሰው ሲያናግረው አፉን ይፈታል። ስለዚህ ከዳኛ፣ ከዐቃቤ ሕግና ከሐኪም ጎን የቀድሞ ወታደር የሆነ አማካሪ፣ «ሜንተር» የሚሉትን፣ ጨመሩበት። ሐሳቡ ተዛምቶ ዛሬ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ችሎቶች አሉ። የእኛ ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች ፌርፋክስ፣ ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትልን የያዘው ኪንግ ካውንቲና ሚኒያፖሊስን የያዘው ሄነፒን ካውንቲ ይገኙበታል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ላጥራ። ችሎቱ ለአሜሪካ ሠራዊት አባላት ነው። በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ አገልግለው፣ የጦር ሜዳውን ቅዠት ይዘው የተሰደዱ አባቶች በመካከላችን አሉ፤ ለእነሱ ይህ በር አይከፈትም። እንደነሱ ላሉት የሚጠየቀው የአእምሮ ጤና ችሎት ወይም ዳይቨርዥን፣ ማለትም ክሱን ከተለመደው ፍርድ አውጥቶ ወደ ሕክምና ማዞር፣ ነው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች በቀር፣ የአእምሮ ሕመም ላለበት ተከሳሽ ክፍት የሆነ ዳይቨርዥን አላት፤ የማን ወታደር እንደነበሩ አይጠይቅም።

1. መጀመሪያ አፍን መዝጋት

ለፖሊስ ስምንና አድራሻን ሰጥቶ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ወታደር የለመደው አለቃ ሲጠይቀው መመለስ ስለሆነ ይህ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ይለማመደው።

ቤተሰብም ይጠንቀቅ። ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ይቀዳል። «በአማርኛ ነው የምናወራው፣ ማን ይሰማናል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ተርጓሚ ቀጥሮ ያስተረጉመዋል። በስልክ «በላህ ወይ፣ ጠበቃ ይዘንልሃል፣ አይዞህ» ይባል። ስለዚያች ሌሊት አንድም ቃል አይነሣ።

2. ለጠበቃው ወታደርነቱን በመጀመሪያው ቀን መንገር

ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው እስር ሊያስከትል በሚችል ክስ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ፣ ፐብሊክ ዲፌንደር፣ ይመደብለታል። እነዚህ ጠበቆች በጣም ብዙ መዝገብ ስለሚይዙ ለአንዱ ደንበኛ ያላቸው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «ሠራዊት ውስጥ ነበርኩ፤ ቬተራንስ ትሪትመንት ኮርት ወይም ሌላ ዳይቨርዥን ይመለከተኝ እንደሆነ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ምንም አልፈርምም።»

ለሠራዊት አባላት ዳይቨርዥን የሚሰጡ ሕጎች ከግዛት ግዛት ይለያያሉ። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ ለቀላል ወንጀሎች፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከተወሰኑት በቀር ለከባድ ወንጀሎችም ዳይቨርዥን ትፈቅዳለች፤ የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ጊዜውም ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ቴክሳስ ውስጥ ግን ያለ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ አይገባም። ስለዚህ ጠበቃው አንዱ ጋ ዳኛውን፣ ሌላው ጋ ዐቃቤ ሕጉን ማሳመን አለበት። በሂዩስተን የሚኖር የአጎት ልጅ ምክር ለኦክላንዱ ልጅ ላይሠራ ይችላል።

3. ዲዲ 214 ማግኘት

ይህ ከሠራዊት ሲሰናበቱ የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ ያለሱ ምንም አይንቀሳቀስም። ወረቀቱ አጭርና ረጅም ቅጂ አለው። አጭሩ የስንብቱን ዓይነት አያሳይም፣ ስለዚህ ፍርድ ቤት ብዙም አይጠቅምም። የሚፈለገው «ሜምበር 4» የሚባለው ረጅሙ ነው፤ ሳጥን ቁጥር 24 ላይ አገልግሎቱ «ክቡር» ይሁን ሌላ የተጻፈው እዚያ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ይጠየቃል፤ ማመልከቻው በኢንተርኔትም ይሞላል።

ሳጥን 24 ላይ መጥፎ ነገር ቢጻፍስ? «ከክቡር ውጭ» የሚል ስንብት ያለበት ሰው ሁሉም በር አልተዘጋበትም። አንዳንድ ችሎቶች ይቀበሉታል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም፣ ቪኤ የምንለው፣ ስንብቱን መርምሮ ለሕክምና ብቁ ነው ሊል ይችላል። «አይመለከትህም» ብሎ የሚመልሰው ሰው ጓደኛው እንጂ ቪኤ ካልሆነ ማመልከቻውን ያስገባ።

4. ከቪኤ የፍትሕ ጉዳይ ባለሙያ ጋር መገናኘት

በእያንዳንዱ የቪኤ ሆስፒታል ቢያንስ አንድ ቬተራንስ ጀስቲስ አውትሪች ስፔሻሊስት አለ። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ2009 ነው፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ባለሙያው እስር ቤት ድረስ ሄዶ ወታደሩን ያነጋግራል፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያስፈልገው ይመዝናል፣ የሕክምና ዕቅድ አውጥቶ ለችሎቱ ያቀርባል። ስሙና ስልኩ በቪኤ ድረ ገጽ ላይ በየግዛቱ ተዘርዝሯል፤ ቤተሰብም ሊደውል ይችላል።

ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ባለሙያው ጠበቃ አይደለም፣ ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ያለው ምስጢራዊነትም የለውም። ስለ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጠጥ በግልጽ ይወራ፤ ስለ ክሱ ዝርዝር ግን «ጠበቃዬን ያነጋግሩ» ይባል። የሕክምና መረጃ እንዲለቀቅ የሚጠይቀውንም ቅጽ ጠበቃው ሳያየው አይፈረም።

5. ሕመሙን ከአገልግሎቱ ጋር ማያያዝ

ብዙዎቹ ችሎቶች ተከሳሹ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም)፣ በፍንዳታ የመጣ የአንጎል ጉዳት፣ ሱስ፣ ወይም በሠራዊት ውስጥ የደረሰበት ጾታዊ ጥቃት ያስከተለው ሕመም እንዳለበት ማየት ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ከዚያ አልፈው ሕመሙ ከወንጀሉ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቃሉ። የሐኪም ማስረጃ ከሌለ ቤተሰብ ያየውን በጽሑፍ ያቅርብ። «ጥሩ ልጅ ነበር» የሚለው ደብዳቤ ለማንም አይረዳም። «ከአፍጋኒስታን ከተመለሰ ጀምሮ ጥምቀት ላይ ርችት ሲተኮስ ምድር ቤት ይወርዳል፤ የሚተኛው ሶፋ ላይ፣ በሩን እያየ ነው» የሚለው ግን ለሐኪሙም ለዳኛውም ይናገራል።

ጸበል የወሰዳችሁት ካለ መደበቅ አያስፈልግም፤ የነፍስ አባት ቤተሰቡን እንደሚከታተሉ የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፋቸውም መልካም ነው። ችሎቱ ግን የሚቆጥረው የሐኪም ቀጠሮን ነው። ጸበል ላይ ነኝ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣ ይችላል።

6. ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት

ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት ይህ ነው። ከ2009 እስከ 2016 ሠራዊቱ ለሚፈልጋቸው ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በከፈተው ማቭኒ በተባለው መንገድ፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ስለነበር፣ የገቡ ልጆች አሉን። በግሪን ካርድ የተመዘገቡም ብዙ ናቸው። ወታደር መሆን ዜግነት አይደለም፤ ዜግነት ሳይወስዱ ከሠራዊት ወጥተው፣ በወንጀል ተፈርዶባቸው ከአሜሪካ የተባረሩ የቀድሞ ወታደሮች አሉ።

ችሎቶቹ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ሕክምናውን ይጀምራል፣ ሲጨርስ ክሱ ይዘጋል። በሁለተኛው መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ሲጨርስ ቃሉ ተነሥቶለት ክሱ ይሰረዛል። ለተወላጁ አሜሪካዊ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ምክንያቱም በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በዳኛ ትእዛዝ ነፃነቱ የተገደበ ሰው፣ የግዛቱ ፍርድ ቤት በኋላ ክሱን ቢሰርዝለትም፣ እንደተፈረደበት ሊቆጠር ይችላል። ከፕሮግራሙ የተመረቀ፣ የተጨበጨበለት ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፓዲያ በተባለው ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ደንበኛውን የመምከር ግዴታ አለበት ብሏል። ስለዚህ «ዜጋ አይደለሁም፤ ይህ ፊርማ ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ጠበቃው ካልተማመነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በዋስ ላይ ከሚወጣው ይበልጥ ዋጋ አለው።

7. ይጠቅማል ወይ ብሎ መመዘን

ሁሉም ሰው ይግባ አልልም። ፕሮግራሙ በተለምዶ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ወራት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ድንገተኛ የሽንት ምርመራ፣ የቡድን ሕክምናና የፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ውጭ የሚደረግ ክትትል፣ ጉብኝት አለ። የክሱ መጨረሻ መቀጮ ብቻ ለሆነበትና ሕመም ለሌለበት ሰው ይህ ከቅጣቱ ይከብዳል። በእውነት ለታመመና እስር ለተጋረጠበት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የሚመዘን ሌላም ነገር አለ፦ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ከ60 ቀን በላይ የታሰረ ሰው ከቪኤ የሚያገኘው የአካል ጉዳት ክፍያ ይቀነሳል፤ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ የነበረው ወደ 10 ከመቶ ክፍያ ይወርዳል። ቤት ኪራይ በዚያ ገንዘብ የሚከፍል ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

8. ከገቡ በኋላ

ለእኛ ሰው ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ጫት ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተከለከለ ነው። «ባህል ነው» የሚለው መልስ ዳኛ ፊት አይሠራም። ሌላው ጠላና ጠጅ። የሽንት ምርመራው አልኮልን ከተጠጣ ቀናት በኋላም ሊያሳይ ስለሚችል፣ የፋሲካ ዕለት «አንዲት ብርሌ ብቻ» ማክሰኞ ላይ ችሎት ትቀርባለች። እናቶች ለልጁ ብርዝ ይለዩለት፤ ያልፈላውን።

ሰው ቢሳሳት ግን ወዲያው አይባረርም። ችሎቱ መውደቅን ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ተግሣጽ፣ ከዚያ ተጨማሪ ቀጠሮ፣ ከዚያ አጭር እስር ይመጣል። የማይታገሡት ውሸትንና መጥፋትን ነው። የጠጣ ሰው ከምርመራው በፊት ለአማካሪው ደውሎ ቢናገር ይሻለዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ነው። ለቤተሰብም ይሠራል።

ችሎቱ ባይቀበልስ?

ጠበቃው የዕፅ ችሎትን፣ የአእምሮ ጤና ችሎትን ወይም ከሕክምና ጋር የተያያዘ ፕሮቤሽንን መጠየቅ ይችላል። ይህም ካልሆነ የውትድርናው ታሪክ ለቅጣት ማቅለያ ይቀርባል። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮሪያ የዘመተ የሞት ፍርደኛን ጉዳይ ሲመለከት፣ ጠበቃው ስለ ዘመቻውና ዘመቻው ስላስከተለበት ጉዳት ማስረጃ ሳይፈልግ መቅረቱን ከባድ ጉድለት ብሎታል። ወገኖቻችን እንዳትረሱት የምለው፦ ኮሪያ ላይ የእኛው ቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ከአሜሪካኖቹ ጎን ተዋግተዋል፤ ስለ ጦርነት ቁስል ማውራት ለቤታችን እንግዳ መሆን አልነበረበትም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ክሱ እንዴት እንደተዘጋ የሚገልጽ፣ በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ከጸሐፊው ይወሰድ፤ ሁለት ሦስት ቅጂ። መዝገቡ ከታሸገ ወይም ከጠፋ በኋላ ወረቀቱን ማግኘት ይከብዳል። የዜግነት ማመልከቻው ላይ «ታስረህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ የተሰረዘውንም ክስ ይጨምራል፤ መልሱ «አዎ» ሆኖ ያ ወረቀት አብሮ ይያያዛል።