ሳብውፈር ከማስገጠምዎ በፊት ገመዱንና ፊውዙን ያስቡ

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ድረስ የሚመላለሱ ብዙ አሽከርካሪዎች ሳብውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) እና አምፕሊፋየር (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ሲያስገጥሙ ስለ ድምፁ እንጂ ስለ ኤሌክትሪኩ እምብዛም ስለማይጠይቁ ይህን ምክር ላካፍል ወደድኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትተው አርኤምኤስ የሚለውን ይመልከቱ፤ አምፕሊፋየሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል እሱ ነው። ለምሳሌ 500 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥና 80 በመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 625 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ሞተሩ ተነሥቶ ቮልቴጁ 13.8 ሲሆን ወደ 45 አምፔር ይጠጋል። ይህን ያህል ከረንት በቀጭን ገመድ ሲያልፍ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑም ሊቀልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ወፍራም የመዳብ ገመድ ይምረጡ። አጥብቄ የማሳስበው ግን ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲገጠም ነው፤ ፊውዙ በዋናነት የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ፣ ከኋላ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ቢቀመጥ በመካከል የተላጠ ገመድ ቦዲውን ነክቶ የሚያስነሣውን እሳት አያስቀርም። ኔጌቲቩ የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ እስኪያብለጨልጭ ይጽዳ፤ ገመዱም አጭር ይሁን። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ፣ በደብረ ብርሃን ማታ ሞተር አጥፍቶ ሙዚቃ ማስጮኽ ጠዋት መኪናው እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል።