ዲያብሎ 2 «መግባት አይቻልም» ሲለኝ እንዴት እንዳስገባሁት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መብራት የሚሄደው ሰው አንድ ነገር ሊጨርስ ሲል ነው። እኔ ዲያብሎ 2 የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ይዤ፣ ከገዳሙ ሥር ያለውን የመቃብር ዋሻ ወርጄ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋና ጠላት አንዳሪየል ደጅ ደርሼ ነበር። ድርግም! ዴስክቶፕ ደግሞ ባትሪ የለውም።

መብራት ሲመለስ ጨዋታው ይከፈታል፣ ገጸ ባህሪዬም ትታያለች፤ «ፕሌይ» ስል ግን «መግባት አይቻልም» ብሎ ወደ ዋናው ገጽ ይመልሰኛል። የሰፈር ልጅ «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» አለኝ። በዚህ የዳታ ዋጋ? አይታሰብም።

የምጫወተው በ2021 እ.ኤ.አ. ታድሶ የወጣውን ዲያብሎ 2 ሪዘሬክትድ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት። እንዲህ ሲሆን ሴቩ (የደረስኩበት መዝገብ) የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ፣ «ሴቭድ ጌምስ» ፎልደር ውስጥ ነው። በገጸ ባህሪዋ ስም ብዙ ፋይሎች አሉ። ዋናው መጨረሻው «ዲ2ኤስ» (.d2s) የሆነው ነው፤ ሌቭሏም ዕቃዋም የጨረሰችው ተልዕኮም እዚያ ነው። እሱ ደህና ነበር። «ማፕ» (.map) የሚለው ግን 0 ኪሎባይት፣ ባዶ!

መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግኩ። ከዚያ ዲ2ኤሱን ብቻ ትቼ በስሟ ያሉትን ሌሎቹን አጠፋሁ። የጎደሉትን ጨዋታው ራሱ ሠራቸው። ገባች።

የተገለጠው ካርታ ስለሚጠፋ መንገዱን እንደ አዲስ መፈለግ አለ። ዋሻው 2ኛ ደረጃ ላይ ያለውን ዌይፖይንት (በቀጥታ ወደዚያ የሚወስድ መሸጋገሪያ) ከያዛችሁ ግን ብዙ አያደክምም። ዲ2ኤሱ ራሱ 0 ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ቀድሞ የተቀመጠ ኮፒ የግድ ነው። እኔ ማታ ማታ ፍላሽ ላይ እያስቀመጥኩ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ዩፒኤሱን፣ ገና ዋጋ እየጠየቅኩ ነው።