ላይቭ ሮክ ውስጥ የተደበቁ ተባዮችን አኳሪየም ሳይገቡ ማስወጫ

አዲስ ላይቭ ሮክ (ለጨው ውሃ አኳሪየም የሚሆን፣ ሕያው ፍጥረታት የሰፈሩበት ቀዳዳማ ድንጋይ) ቀዳዳው ውስጥ ሸርጣን ወይም ማንቲስ ሽሪምፕ (ሽሪምፕ መሰል አዳኝ የባሕር እንስሳ) ደብቆ ሊመጣ ይችላል። በተለይ ማንቲስ ሽሪምፕ አንዴ ከገባ ዓሣና ቀንድ አውጣ ይጨርሳል፤ መያዙም እጅግ አድካሚ ነው።

ስለዚህ ድንጋዩን ከማስገባታችሁ በፊት በባልዲ ጠንከር ያለ የጨው ውሃ በጥብጡ። የባሕር ውሃ አንጻራዊ ጥግግት (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ጥግግት) 1.025 አካባቢ ነው፤ ይህን ወደ 1.035–1.040 ከፍ አድርጉት። ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር እኩል ይሁን። ድንጋዩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩና አውጥታችሁ ባልዲው ላይ ወዝወዝ አድርጉት። ከመጠን ያለፈ ጨው ከተባዮቹ ሰውነት ውሃ ስለሚስብ ብዙዎቹ መደበቂያቸውን ለቀው ይወጣሉ። ድንጋዩ ውስጥ የሰፈሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በዚህች አጭር ጊዜ ብዙም አይጎዱም። ጨው አልባ ውሃ ግን አትጠቀሙ፤ ልታተርፉት የምትፈልጉትንም ሕይወት ይገድላል።

ባልዲውን ከመድፋታችሁ በፊት ፈትሹት። እንደ አምፊፖድ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጠቃሚ ናቸውና ቶሎ ወደ መደበኛው የጨው ውሃ መልሷቸው። ፀጉራም ትሎችም አብዛኞቹ ትርፍራፊ የሚያጸዱ ናቸው፤ ብቻ በባዶ እጅ አትንኳቸው፣ ፀጉራቸው ቆዳ ውስጥ ይሰካል።

ኮራል ወይም ስፖንጅ የበቀለበትን ድንጋይ በዚህ መንገድ አትንከሩ። አይፕቴዢያም (ተባይ የሆነ የባሕር አኒሞን) ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር በዚህ አይለቅም።