በደጀ ሰላም ለምትቆሙ

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤል ነው። ኅዳር 12፣ ዓመታዊው ንግሥ በሚውልበት ዕለት ማለዳ፣ የአዲስ አበባ ሰው በየደጁ ቆሻሻ አከማችቶ ያጥናል፤ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የቀረ ልማድ ነው። ያንን ጭስ እየሳቡ ዳገቱን ወጥተው በራችን ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናቶች ብዙ ናቸው። እኔ በዚያ በር፣ በሴቶች በኩል፣ 14 ዓመት ቆሜአለሁ። አስም የያዛትን ሴት ገና ከሩቅ በትከሻዋ አነሣሥ የምለየው እዚያ ተምሬ ነው። ዘንድሮ በበዓል ቀን በር ላይ ቆማችሁ ሥርዓት ለማስከበር ለተነሣችሁ ወጣቶች የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጅማሬው ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ነው። የሥርዓት አስከባሪዎችን ምድብ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሆንም፣ አስተዳዳሪው ሳያውቁ ማንም በገዛ ፈቃዱ በር ላይ ቆሞ ሰው መፈተሽ የለበትም። ስማችሁ ይመዝገብ፤ መታወቂያና የሚለያችሁ ልብስ ይሰጣችሁ፤ ከፖሊስ ጋር የሚነጋገረው የትኛው ሰው እንደሆነ እወቁ። ሴት የምትፈተሸው በሴት ብቻ ነው።

ከበዓሉ በፊት ሰው በሌለበት ቀን ቅጥሩን በእግራችሁ ዙሩ። እያንዳንዱን በር ከፍታችሁ ዝጉ። አንድ ዓመት ከቤተ ልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤት፣ ጀርባ ያለችው ትንሽ በር ተቆልፋ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ለበዓሉ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ በር ሲወጣ የተጨነቅነውን አልረሳውም። አሁን የሁሉም በር ቁልፍ ቅጂ በምድብ መሪው አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አምቡላንስ በየት እንደሚገባና የት እንደሚዞር እዩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፤ እነዚህን በስልካችሁ ብቻ ሳይሆን በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ በግፊያ መካከል ይወድቃል፣ ይሰረቃልም።

የእንጨት መወጣጫና ርብራብ ካለ ሁለት ሰው ከሥሩ ይቁም፤ ማንም አይወጣም። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም የግንባታ ርብራብ ወድቆ ከ30 በላይ ምእመናን ለበዓል እንደወጡ ቀርተዋል። «ትንሽ ላይ ብዬ ነው» የሚላችሁን ልጅ እጁን ይዛችሁ አውርዱት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ በሰላምታ እንዳትሰስቱ ነው። «እንኳን አደረሰዎት፣ እማማ» ስትሉ ዓይናችሁ ፊታቸው ላይ ያርፋል። መልስ እስኪሰጧችሁ ባለችው ቅጽበት ላብ ያጠመቀው ግንባር፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ያለቀሰ ዓይን፣ ከነጠላ ሥር የተሸሸገ ነገር ይታያችኋል። ፍተሻ የምንለው ሥራ ግማሹ እዚያው ያልቃል። ክፉ አስቦ የመጣ ሰው ፊቱን አይተው ሰላም የሚሉትን አይወድም፤ ዓይኑን ይሰብራል ወይም መንገድ ይቀይራል። አንገታችሁን ደፍታችሁ ቦርሳ ብቻ የምትበረብሩ ከሆነ ግን ማን እንደገባ አታውቁም።

ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላ ሳትይዝ መጣች። «እንዲህ ሆነሽ አትገቢም» አልኳት፤ ሥርዓት ማስከበሬ ነበር። አንድ ቃል ሳትመልስልኝ ወደ አጥሩ ዞራ፣ ግንቡን ተሳልማ ሄደች። እናቷ ሌሊቱን ሆስፒታል ውስጥ ሞተውባት፣ እርሷም ከዚያው በቀጥታ እንደመጣች የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ግንቡን ስትስም ግንባሯ ላይ የቀረው የኖራ ምልክት እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት የታጠቡ ነጠላዎችና ሁለት ሰፋፊ ጉርድ ቀሚሶች በፌስታል ሳልይዝ በር ላይ አልቆምም። «ነጠላ ላውስሽ እህቴ፣ ስትወጪ ትመልሺልኛለሽ» ማለት በቂ ነው። አጥበው፣ አጣጥፈው የሚመልሱልኝ አሉ።

ቅዳሴው ከገባ በኋላ ዓይናችሁን ከቆራቢዎች አትንቀሉ። 18 ሰዓት ጾመው፣ ለረጅም ሰዓት ቆመው፣ በሰው ሙቀት ታፍነው የሚወድቁ አሉ። ሰው ሲወድቅ የሕዝቡ ልማድ ከብቦ መቆምና ክብሪት ጭሮ ማሽተት ነው። ክብሪቱን ተቀበሏቸው፤ ክበቡን አስፉት፤ በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ። የሚጥል በሽታ ከሆነ አትጨብጧት፤ በአፏ ምንም አትክተቱ፤ ራሷ ሥር ነጠላ አድርጉና ሲተዋት በጎኗ አዙሯት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ 907 ደውሉ። ስትነቃ ውኃ ከመስጠታችሁ በፊት «ልትቆርቢ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ያቀመሳችኋት አንድ ጉንጭ ውኃ ብዙ የተዘጋጀችበትን ቁርባን ያስቀርባታል። ስኳር ያለባት ከሆነች ግን ቶሎ ካህን ጥሩ። «ልጄ፣ ጠጪ» የሚለውን ከእርሳቸው ትሰማለች፤ ከእኛ ግን አትሰማም። ራሱን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ጠበልም ቢሆን በአፍ አይሰጥም።

ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር ሁሉም ለመሳለም ወደፊት ይገፋል። አዲስ አገልጋዮች በሙሉ ከታቦቱ አጠገብ መሆን ስለሚወዱ ኋላው ባዶ ይቀራል። ኋላ ያለው ሕዝብ የፊተኛው ደረት መጣበቡን አያይም፤ ስለዚህ ጠንካሮቹን ከኋላ መድቡ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ከቆመ ሰው የራሱን እርምጃ መወሰን አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ወዲህና ወዲያ ሲናወጥ ካያችሁ ጊዜው አጥሯል። ፊት ያለውን ወደ ኋላ አትግፉ። ለመዝሙር መሪው ምልክት ስጡና በድምፅ ማጉያው ከኋላ ያሉት እንዲቆሙ ያድርግ፤ በእናንተ ጩኸት ያልቆመ ሕዝብ በእርሱ ድምፅ ይቆማል። ጧፍ የያዙትን ከነጠላ ጫፍ አርቁ፤ ፊታቸው ካለችው ሴት ጀርባ ላይ የሚያበሩ አሉ።

የጠፋ ልጅ ስታገኙ ሁለት ሆናችሁ ያዙት፤ አንድ ሰው ብቻውን ልጅ ይዞ አይሂድ። በድምፅ ማጉያ «ልጅ ተገኝቷል» ይባል፤ ስሙና የለበሰው ልብስ አይነገር። ወላጅ ነኝ የሚለው ሰው ራሱ ይንገራችሁ፤ ልጁም ወደ እርሱ ሲሮጥ እዩ።

ሌባ ከተያዘ ከቦ መደብደብ የሚፈልግ አይጠፋም። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በመካከል አስገቡትና ለፖሊስ አስረክቡ። ያም ሰው በእናንተ ጥበቃ ሥር ነው። ባለቤት የሌለው ቦርሳ ካያችሁ አትንኩት፤ ሰው አርቁ፣ ፖሊስ ጥሩ።

ከደጅ የሚቀመጡትን ነዳያን በስማቸው እወቋቸው። ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ስለሆኑ ማን አዲስ እንደሆነ፣ የትኛው ሰው ሦስት ጊዜ ገብቶ እንደወጣ ከእናንተ ይልቅ ያውቃሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ዓይነ ስውሩ አባታችን፣ ቅጥሩ ውስጥ የቀለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽታ ቀድመው ነግረውን ቆጣሪውን አጥፍተናል።

ሕዝቡ ሲበተን ሥራው አላበቃም። ጧፎቹ ጠፍተው እንደሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ባዶ እንደሆነ እዩና ወደ ጫማ ማውለቂያው ሂዱ። አንድ ጥንድ ጫማ ከተረፈ በሩ አይቆለፍም። ባለፈው ዓመት የተረፈችው ጥቁር የላስቲክ ጫማ ነበረች፤ ባለቤቷን እማማን ከዓምድ ጀርባ፣ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተው አገኘናቸው።