ስክሪፕቱ ሲግናል አልሰማ ሲል

ምልክት፦ ስክሪፕቱ «ስሊፕ 300» (300 ሰከንድ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ላይ እያለ በ«ኪል»፣ ማለትም ለሂደት ሲግናል (እንደ «ቁም» ያለ መልእክት) በሚልከው ትእዛዝ፣ እንዲቆም ታዙታላችሁ፤ መልስ የለም። «ትራፕ»፣ ማለትም ሲግናል ሲመጣ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ትእዛዝ፣ ተጽፏል፣ አጻጻፉም ስህተት የለበትም። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ግን የጽዳት ሥራው በድንገት ተከናውኖ ስክሪፕቱ ይወጣል።

መንስኤ፦ ሲግናሉ አልጠፋም፤ ተራ እየጠበቀ ነበር። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል፣ ባሽ፣ ከፊት የሚሠራው ትእዛዝ እስኪያልቅ ድረስ ትራፑን አያስኬድም። «ኪል» ደግሞ ሲግናሉን የሚያደርሰው ቁጥሩ ለተጠቀሰው ሂደት (በመሥራት ላይ ላለ ፕሮግራም) ብቻ ስለሆነ ስሊፕ ወሬውም አልደረሰውም። በኮንትሮል-ሲ ስትሞክሩት ችግሩ የማይታየው ተርሚናሉ ሲግናሉን ከፊት ላለው የሂደት ቡድን በሙሉ ስለሚልክ ነው። በእጅ ተፈትኖ ያለፈ ስክሪፕት ሰርቨር ላይ የሚያሳፍረው በአብዛኛው በዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ረጅሙን ትእዛዝ በ & ወደ ኋላ ላኩት፣ የሂደቱን ቁጥር ከ $! ወስዳችሁ ያዙ፣ ከዚያ በ«ዌይት» ጠብቁት። ትራፕ የተደረገለት ሲግናል ሲመጣ ዌይት ወዲያው ይመለሳል፤ ትራፑም ሳይዘገይ ይሠራል። ትራፑ ውስጥ ልጅ ሂደቱንም (ስክሪፕቱ ያስነሳውን) ግደሉት፤ ካልሆነ ወላጁ ወጥቶ ልጁ ብቻውን መሥራቱን ይቀጥላል።

ምልክት፦ ኮንትሮል-ሲ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ያጠፋል፣ ስክሪፕቱ ግን ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።

መንስኤውና መፍትሄው፦ ትራፕ ስታደርጉ የሲግናሉን ነባር ውጤት፣ ማለትም መሞትን፣ ሽራችኋል። ስለዚህ «ኤግዚት 130» ጨምሩ። ቁጥሩ 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር 2 ነው፤ ኪል በነባሪ ለሚልከው ለሲግተርም 143 ይሆናል። እኔ የምመርጠው ጽዳቱን ስክሪፕቱ ሲወጣ በሚሠራው በኤግዚት ትራፕ ብቻ አኑሮ የሁለቱ ሲግናሎች (የኮንትሮል-ሲና የሲግተርም) ትራፕ ከመውጣት ሌላ ሥራ እንዳይኖረው ማድረግን ነው። በኤግዚት ትራፕ ብቻ መመካት ግን አያዋጣም፦ ባሽ በሲግናል ሲሞትም ያስኬደዋል፣ ሌላው ሼል ዳሽ ግን አያስኬደውም።

ምልክት፦ ትራፑ የሚያጠፋው ፋይል ስሙ ባዶ ነው።

ትራፑን በድርብ ጥቅስ ጽፋችሁታል፤ ተለዋዋጩ ገና ዋጋ ሳይሰጠው ተተክቷል። በነጠላ ጥቅስ ጻፉት።

ምልክት፦ የዶከር ኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬደው) ሲቆም ሁልጊዜ 10 ሰከንድ ይፈጃል፣ የመውጫ ኮዱም 137 ነው።

መንስኤ፦ ሼሉ ሂደት ቁጥር 1 ሆኗል። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለዚህ ሂደት ትራፕ ያልተደረገለትን ሲግተርም ችላ ይለዋል፤ ሼሉም ለልጁ አያስተላልፍም። ዶከር 10 ሰከንድ ታግሦ በግድ የሚገድለውን ሲግናል፣ ሲግኪልን፣ ይልካል፤ እርሱን ደግሞ የትኛውም ትራፕ አይይዘውም።

መፍትሄ፦ ዋናውን ፕሮግራም የሚያስነሳውን የመጨረሻ መስመር በ«ኤግዜክ» ጀምሩ። ፕሮግራሙ የሼሉን ቦታ ስለሚወስድ ሲግተርም በቀጥታ ይደርሰዋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሲግተርምን የማይቀበል ከሆነ ግን ያው 10 ሰከንድ ይጠብቃችኋል።