ወደ ላ ፔሎሳ ከመሄድዎ በፊት፦ ትኬት፣ ሰሌንና ነፋስ

ላ ፔሎሳ በጣሊያኗ ሳርዲኒያ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከስቲንቲኖ ከተማ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ናት። ስሟ ከስፋቷ በላይ ነው። ፎቶዋን ብቻ አይቶ ያለ ዝግጅት የሚሄድ ሰው ወይ ከመግቢያው ይመለሳል፣ ወይ ገብቶ ይቀጣል፣ ወይ ደግሞ በነፋስ ቀን ደርሶ አሸዋ ሲቅም ይውላል። ሦስቱንም ከቤት ሳይወጡ ማስቀረት ይቻላል።

መጀመሪያ ትኬቱ። በአውሮፓ የበጋ ወራት በቀን ከ1,500 ሰው በላይ አይገባም። ዋጋው ለአንድ ሰው 3.50 ዩሮ ሲሆን ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ቁጥጥሩ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን በየዓመቱ ስለሚወሰን ከጉዞው በፊት የስቲንቲኖ ማዘጋጃ ቤት ያወጣውን ማየት ነው። ትኬት የሚያዘውም በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ነው፤ ቀኑን መርጠው፣ የሰዉን ብዛት አስገብተው በካርድ ይከፍላሉ። ልጆች አይከፍሉም ብለው ከቁጥሩ አይተዉአቸው፤ የሚቆጠረው ሰው እንጂ ገንዘብ አይደለም። የሚላክልዎትን ኪውአር ኮድ ስልክዎ ላይ በፎቶ ያስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ቆሞ ኢሜይል እስኪከፈት መጠበቅ ለእርስዎም ከኋላዎ ለተሰለፈውም አይመችም። መግቢያው ላይ ኮዱን ሲያሳዩ የእጅ አምባር ያስሩልዎታል።

ኦገስት ላይ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። የፈለጉት ቀን ሞልቶ ካገኙት ተስፋ አይቁረጡ፤ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዚያም በዋዜማው ማታ ደግመው ይሞክሩ። ምርጫ ካለዎት ግን ሴፕቴምበር ይሻላል። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ከጁን ይልቅ ያን ጊዜ ይሞቃል፤ ሰዉም ይቀንሳል።

ትኬት ካለቀብዎ የማታ መንገድ አለ። ቁጥጥሩ ቀን ቀን ነው፤ በአገሩ አቆጣጠር ከ18፡00 በኋላ ያለ ትኬት ይገባል። ጁላይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 21፡00 ገደማ ስለሆነ ለመዋኘት ከበቂ በላይ ጊዜ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለቆዳም ለትንፋሽም ከእኩለ ቀኑ ይልቅ ይኸኛው ሰዓት ይመረጣል።

ቀጥሎ ሰሌኑ ነው። ፎጣን በቀጥታ አሸዋው ላይ ማንጠፍ ክልክል ነው፤ ከሥሩ ሰሌን ወይም ውኃ የማይመጥ ምንጣፍ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ያለ ሰሌን የተገኘ 100 ዩሮ ይቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የላ ፔሎሳ አሸዋ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ከባሕር ወጥተው እርጥብ ፎጣ ላይ ሲተኙ አሸዋው በጥጡ ክሮች መሃል ይሰገሰጋል፤ ሲያራግፉት የላይኛው ይረግፋል፣ እርጥቡ ግን ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ፎጣው ሆቴል ገብቶ ሲደርቅ አሸዋው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ይፈስሳል። አንድ ሰው 20 ግራም፣ ማለትም አንድ ሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ ይዞ ቢወጣ 1,500 ሰው በቀን 30 ኪሎ ይወስዳል ማለት ነው። ሰሌን ግን ውኃ ስለማይዝ አንዴ ሲያራግፉት ንጹሕ ይሆናል።

ሰሌኑ ከፎጣው ሰፋ ያለ ይሁን። ጠርዙ ካጠረ ፎጣው ተንሸራቶ አሸዋ ይነካና ደንቡም ትርጉሙም ይጠፋል። ቦርሳዎንም እዚያው ላይ ያስቀምጡ።

የቀሩት ክልከላዎችም ውኃውንና አሸዋውን ለማቆየት የወጡ ናቸው፦ በሳሙናና በሻምፖ መታጠብ አይቻልም፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ሲጋራ አይጨስም፣ ውሻ አይገባም። ዳር ላይ ተከምሮ የሚያዩት ቡናማ፣ ደረቅ ሣር የመሰለ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ፖሲዶኒያ የሚባል የባሕር ተክል ቅጠል ነው፤ የማዕበሉን ጉልበት ሰብሮ አሸዋው እንዳይታጠብ የሚከላከለው እሱ ነውና አይጥረጉት።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች የሚረሱት፣ ነፋስ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ማኤስትራሌ በዚህ አካባቢ ኃይለኛ ነው። የአካባቢው ሰው ባሕሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ በምዕራብ በኩል ያለው የውጭ ባሕር፣ ላ ፔሎሳ ያለችበት ደግሞ የውስጥ ባሕር ይባላል። ከካፖ ፋልኮኔ ተራራማ ጫፍ፣ ከኢዞላ ፒያናና ከአሲናራ ደሴቶች ጀርባ ስለተከለለች ማኤስትራሌ ሲነሣ የውጩ ባሕር እየተናወጠ እዚህ ውኃው ረግቶ ይታያል። መዘናጋት የሚመጣውም በዚህ ነው። ማዕበል የለም ማለት ነፋስ የለም ማለት አይደለም፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚገፋ በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ሳይታወቅ ርቆ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን የሚነፋ ነገር ውኃ ውስጥ አያስገቡ። ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ከለላ የለምና ማዕበሉ እዚሁ ዳርቻው ላይ ይመታል፣ ውኃውም ይደፈርሳል። ትንበያው በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ካሳየ ቀን መቀየር ነው፤ ያን ጊዜ ደቃቁ አሸዋ እየተነሣ እግር ይጠብሳል፣ ዓይን ይሞላል።

መንገዱ አያስቸግርም። በአውሮፕላን ለሚመጣ ቅርቡ የአልጌሮ አየር ማረፊያ ነው፤ ከዚያም ሆነ ከሳሳሪ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጄኖቫ ሌሊቱን የሚጓዘው መርከብ ፖርቶ ቶሬስ ያደርሳል። መኪና የያዘ ሰው የባሕሩ ትኬት የመኪና ማቆሚያን እንደማይጨምር ይወቅ። በጣሊያን መንገድ ላይ ሰማያዊ መስመር በክፍያ፣ ነጭ በነጻ፣ ቢጫ ለተለዩ ሰዎች ብቻ ነው፤ ቢጫው ላይ ካቆሙ ቅጣት ነው። በአገሩ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9፡00 በፊት ካልደረሱ መኪናውን ስቲንቲኖ ትተው በአውቶቡስ መምጣት ይቀላል።

ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ብዙ ሜትር ከሄዱ በኋላም ወገብ ላይ ነው። ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው ማማ እ.ኤ.አ. በ1578 የባሕር ወንበዴን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ባሕሩ ሲረጋ በእግር እየተራመዱ ይደርሱበታል። የውኃ ጫማ ያድርጉ። ማማው አጠገብ ድንጋዩ ስለታም ነው፣ ከአሸዋው ሥር ደግሞ ትራቺና የምትባል እሾኻም ዓሣ ተቀብራ ልትገኝ ትችላለች። ከወጋችዎት እግርዎን ሳያቃጥል በሚችሉት ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንከሩት፤ መርዟ በሙቀት ይከሽፋል፣ በረዶ ግን አይጠቅምም። ጄሊፊሽ ከነካዎት በባሕሩ ውኃ ይታጠቡ እንጂ የታሸገ የመጠጥ ውኃ አያፍሱበት፤ ጨው የሌለው ውኃ ቆዳ ላይ የቀሩትን የመርዝ ከረጢቶች ያፈነዳቸዋል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ 112፣ ባሕር ላይ አደጋ ካለ የጠረፍ ጥበቃውን በ1530 ይጥሩ።

ሲወጡ እግርዎን ይታጠቡ፣ ሰሌኑን እዚያው ያራግፉ፣ የልጆችን ኪስና ባልዲ ይፈትሹ። አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጎል መውሰድ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የሳርዲኒያ ሕግ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። ሻንጣ በአየር ማረፊያም በወደብም ይፈተሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ባልና ሚስት ከደሴቲቱ ደቡብ የቀዱትን 40 ኪሎ ያህል አሸዋ በ14 ጠርሙስ ይዘው ፖርቶ ቶሬስ ወደብ ላይ ተይዘዋል።

ቀን የተረፈው ሰው ከስቲንቲኖ ወደብ በጀልባ ወደ አሲናራ ይሻገር። ደሴቱ እ.ኤ.አ. በ1885 ነዋሪዎቹ ተነሥተው እስር ቤት የሆነ ነው፤ ስቲንቲኖን የቆረቆሩት የተነሡት ቤተሰቦች ናቸው። በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ወደ ጣሊያን ከተጋዙት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የታሰሩት እዚህ ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከነሱ አንዷ ነበሩ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ነጫጭ አህዮች ይዞሩበታል። ጀልባው የሚያወርደው ፎርኔሊ በሚባለው የቀድሞ እስር ቤት አጠገብ ነው። የግል መኪና አይገባም፣ ጥላ ብዙ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃና ምሳ ይያዙ፣ ሲወርዱም የመመለሻው የመጨረሻ ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከመርከበኛው ይጠይቁ።